በመሳቢያዎ የተቆለፈው ሳቅ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል? የወንበርዎስ፣ የመሳቢያዎ ቁልፍስ ጤና እንዴት ነው? እኔ ከአንድ የሥዕል ደብተር በቀር የጎደለብኝ የለም።

ቀን ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ገቢና ወጪ ደብዳቤ እየመዘገብኩ፣ በምሳ ሰዓት ካርቱን እየሣልኩ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬንም ነፍሴንም ሳላስቀይም ኖርኩ እያልኩ ስጎርር ነበር። ባለፈው ወር ግን «የመሥሪያ ቤቱን ክብር ይነካል» ብለው ደብተሬን ከጠረጴዛዬ አንስተው ቆለፉበት። ይመለስልኝ ብዬ ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልስ አለመምጣቱን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ መዝጋቢው እኔ ነኝና። ስለዚህ ይህቺን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በመለጠፌ ሳይቀየሙኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። ሁላችንም እታለም የምንላት፣ ከእኔ ፊት ለፊት ተቀምጣ ማህደር የምታደራጅ ባልደረባዬ፣ ባለፈው ዓመት በዚያ ማለቂያ በሌለው ስብሰባ ላይ አጠገቤ ነበረች። ደብተሬ ላይ አንድ ካርቱን ሣልኩና በጠረጴዛው ሥር አሳየኋት፤ እሷም ደረቷን ይዛ፣ የጎደለ ጥርሷን ሳትሸፍን፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳያመልጠኝ ወረቀቱን ገልብጬ ያንን ሳቋን በጀርባው ሣልኩት። እርስዎ ማን እንዳሳቃት ሲጠይቋት «ኧረ እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው» አለች። በሥራ ሰዓት ያለአግባብ በመሳቋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። የደረጃ እድገቴ በዚያው ሳምንት እጅዎ ላይ ነበርና እኔ ጭጭ አልኩ፤ ጭራሽ ለማስጠንቀቂያዋ ቁጥር ሰጥቼ ያስወጣሁት እኔው ነኝ። እድገቱን አግኝቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

2ኛ. ማህደሯን አሟልተው ስለያዙላትም አመሰግናለሁ። ከማስጠንቀቂያው በኋላ በስድስተኛው ሳምንት የሕመም ፈቃድ ወጥታ አልተመለሰችም፤ አረፈች። የሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎቷ የሚዘጋው በዚያችው ማስጠንቀቂያ ነው።

3ኛ. ልጇ መጥታ ነበር። ቤታቸው ያለው ፎቶ ለመታወቂያ የተነሳችው ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የተከሰሰች ትመስላለች። እናቴ ስትስቅ የሚያሳይ የለህም ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አለኝ አልኳት። እንደገና ልሥላት ሞክሬ ነበር። ግንባሯ ይመጣል፣ ዓይኖቿ ይመጣሉ፣ አፏ ላይ ስደርስ እጄ ይደርቃል። ምን ልደብቅዎት፤ በጠራራ ፀሐይ ባዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አፏን ገጥማ፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ምነው በሰደበችኝ! ከጠረጴዛዬ ቀና ማለት ከፈራሁ ሰነበትኩ።

4ኛ. ያኔ ላቀረቡት ጥያቄ መልሱ እነሆ፤ ያሳቅኳት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያው ከእሷ ማህደር ወጥቶ እኔ ማህደር ውስጥ ይግባ፤ ቁጥሩን አሁንም እኔው እሰጠዋለሁ። ሳቋ ያለባት ያቺ አንዲት ወረቀት ግን ከደብተሩ ወጥታ ለልጇ ትሰጥልኝ። የቀረውን ደብተር ከወደዱት ያስቀሩት።

ለቆለፉልኝም፣ ላሳደጉኝም፣ ላልመለሱልኝም ሁሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ዝም በማለቱ ያደገው የደብዳቤ መዝጋቢዎ

ማስታወሻ፦ ወረቀቷ ያልተመለሰችው በጀርባዋ በካርቱን የተሣሉት እርስዎ ስለሆኑ እንደሆነ ይገባኛል። ምንም አይስጉ። ልጅቷ በመስታወት አስገብታ ልትሰቅላት ነው፤ ስለዚህ እናቷ ወደ ቤተሰቧ ዞራ ስትስቅ ትኖራለች፣ እርስዎም ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲሰሟት ይኖራሉ።