ድልድዩ ላይ ያልተባለው

ሶዶ፣ ጥር 2001 ዓ.ም.

ውድ ሐመልማል፣

ስለ ጤናሽና ስለ ልጆችሽ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን መጀመሪያ ንዴቴ ይውጣልኝ። ያንን ፊልም አየሁት። አዎ፣ ያንኑ! ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አጎትሽ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ወስዶ አሳይቶሽ፣ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሦስት ቀን ሙሉ የነገርሽኝን የወፍጮ ቤቷን ልጅ ፊልም።

ምነው ባላየሁት! ከዘፈን ፊልሞች ሁሉ ቁንጮ ነው ያላለኝ ሰው የለም። ኮሌጅ ያስተማረን መምህር ስሙን ሲጠራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ሲዲ አከራዩም "ይሄን አይቶ ያላለቀሰ ሰው አላውቅም" አለኝ። እኔም አለቀስኩ፣ በንዴት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ይዘፍናሉ! ዱቄት ሲነፋ ዘፈን፣ ፈረስ ሲጫን ዘፈን። አንድ ሽማግሌ ታሞ ተኝቶ፣ ሐኪም የሚጠራለት ጠፍቶ፣ ዙሪያውን ከበው ይዘፍኑለታል። አንድ እንኳ ቁጭ ብሎ እንደ ሰው የሚያወራ የለም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ድልድዩ ነው።

አንቺ ስትነግሪኝ፣ ልጅቷ ድልድዩ ላይ ቆማ፣ ሊወስዳት በመጣው ሀብታም ፊት፣ አባቷን እያየች "አባዬ፣ እወድሃለሁ። ግን አልሄድም" ትለዋለች። እኔ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አባል ነበርኩ፤ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ከታየሁ ጉድ ነው። ስለዚህ ለእኔ ፊልሙ ማለት አንቺ ነበርሽ። በዚያው ሰሞን አባቴ ለአንድ ነጋዴ ሊድረኝ ቃል ገብቶ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። እንሰቱ መሃል ቆሞ ሳለ ሄጄ ያንኑ ወደ ወላይትኛ መልሼ አልኩት። እኛ ቤት አባትን "እወድሃለሁ" ማለት የሚባል ነገር አልነበረም። "ማን አስተማረሽ?" አለኝ። "ፊልም ላይ ያለች ልጅ" አልኩት። ትምህርቴን እንድጨርስ ፈቀደልኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ግን ያላየሁትን ፊልም አይተሻል ብለው ከመዘምራን ሦስት ወር አገዱኝ። ይሁን፣ አስተማሪ የሆንኩት በዚያች ቃል ነው።

አሁን ደግሞ ወንድሜ ኤርካሎ ልጁን ሜላትን ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ ሊድራት ሽማግሌ ተቀበለ። ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ታዲያ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ፊልሙን አሳየዋለሁ! ድልድዩ ጋ ሲደርስ እንደ አባታችን ልቡ ይራራል አልኩ። እሁድ ሲዲውን ይዤ አረካ ቤቱ ሄድኩ። ጎደሬው ከዳጣው ጋር ቀርቦ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ፣ እኔ "ቆይ፣ ድልድዩ ይምጣ" እያልኩ ሳስጠብቃቸው ዋልኩ። ድልድዩ መጣ። ልጅቷ እምቢ የሚል ቃል አልወጣትም! አንገቷን ደፍታ አሥር ደቂቃ ዘፈነች፣ ሠረገላው ላይ ወጣች፣ አለቀ።

ኤርካሎ በደስታ ጭኑን መታ። "ትርፌ፣ አሳይሃለሁ ያልሽኝ ይሄን ነው? ልጅ ማለት እንደዚህ ነው! ሜላት፣ እያየሽ ነው አይደል?"

ምናልባት ተቆርጦ ይሆናል ብዬ መልሼ አስጀመርኩት። አልተቆረጠም። ያን ጊዜ ስምሽን በልቤ እንዴት አድርጌ እንዳነሳሁት አልነግርሽም። እንግሊዝኛሽ ከእኔ አይሻልም ነበር፤ የሚሉት ሳይገባሽ ከራስሽ አምጥተሽ ሞልተሽው ኖሯል! ውሸታም!

ሜላት ወደ መናኸሪያ ስትሸኘኝ፣ ድልድዩ ላይ ትላለች ብዬ የጠበቅኩትን ቃል ነገርኳት። "አክስቴ፣ ታዲያ ያንን ያለችው ማን ናት?" አለችኝ።

"ሐመልማል የምትባል ጓደኛዬ።"

"ለአባቷ ነው ያለችው?"

ጥያቄዋን ይዤ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ሶዶ እስኪገባ ሳስበው መጣሁ። ፊልሙን የነገርሽኝ ለፋሲካ አዲስ አበባ ደርሰሽ ስትመለሺ ነው። ግንቦት ላይ ሃላሌ ከተማ ለሚኖረው ሰውዬ ዳሩሽ። ሠርግሽ ላይ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። አንገትሽን ደፍተሽ መኪናው ውስጥ ስትገቢ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ቃሉን ለእኔ ሰጥተሽ አንቺ ለምን ዝም እንዳልሽ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። ይቅር በይኝ። ከንዴቴ ግማሹ በራሴ ላይ ነው።

ማክሰኞ ኤርካሎ ደወለ። ሜላት በቁርስ ሰዓት ፊቱ ቆማ "አባዬ፣ እወድሃለሁ። ግን አልሄድም" ብላዋለች።

"ይሄ ፊልሙ ላይ የለም ብላት፣ 'አዎ የለም፣ የሐመልማል ነው' አለችኝ። ሐመልማል ደግሞ ማን ናት?"

ነገርኩት። ልቡ ልክ እንደ አባታችን ራራ። ከዚያ "ለሽማግሌዎቹ ትምህርቷን ትጨርስ እላቸዋለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እንግዲህ ያንን ቃል ሳትናገሪው የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ። አባትሽ ጋሽ ገብረሥላሴ ዛሬም ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ ባለፍኩ ቁጥር "ከሃላሌ ምን ሰማሽ?" ይሉኛል። ነይ። ትዳርሽን አፍርሺ አላልኩሽም፤ ልጆችሽንም ይዘሽ ነይ። አጠገባቸው ቁጭ በይና "አባዬ፣ እወድሃለሁ። ያኔ ግን መሄድ አልፈልግም ነበር" በያቸው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

አደራ፣ ዘፈን እንዳታስገቢበት።

ገና ያልበረደላት፣
ትርፌ