አዴ ሐሊማ ያነሱት ስልክ

ሰኞ፣ ጠዋት

ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ቡና ገልብጬ ገባሁ። እጄ ተጣብቋል። አሠሪዬ አዴ ሐሊማ የድሮውን ወሬ ጀመሩልኝ። ቤታቸው ስሠራ ስንቴ ሰማሁት፣ ግን ደስ ይለኛል። ስልክ እዚህ የቡ ከተማ ሲገባ አንድ ብቻ፣ እጀታው የሚዞር። የሚያዞሩት የስልክ ቤቱ ሠራተኛ እሳቸው። ሰው ጅማ ለማናገር በር ላይ ተሰልፎ ይውላል። ያልጮኸ ስለማይሰማ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። የአንዷን የጋብቻ ጥያቄ ከተማው ከእሷ ቀድሞ ሰማ አሉ፣ ሳቅን። ሞት ግን በሽቦ አይነገርም። መርዶ ከመጣ ቢሯቸውን ቆልፈው ለሽማግሌ ሊነግሩ ይወጣሉ፣ ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ያረዳል። በቀን ሲወጡ ያያቸው ሁሉ በየት በኩል እንደሚታጠፉ ያያል። ደብተሬ፣ እኔ ብሆን እዛው እሞት ነበር።

ማርቆስ ትናንት አልደወለም። ያለኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ፎቅ ግንባታ ላይ ነው።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ስልኬ የለም! ቻርጅ ላይ ትቼው ውሃ ልቀዳ ነው የወጣሁት። አዴ ሐሊማን ስጠይቅ፣ ተበላሸ፣ ለሠሪ ሰጠሁት አሉ። የቱ ሠሪ? ሱቁ ዝግ ነው። ዓይኔን አያዩኝም። ብይ ይሉኛል። ሥራ ተይ ይሉኛል። ሥራ ተይ ብለውኝ አያውቁም! የቤ/ክ እህቶች መጡ፣ በር ላይ ከእሳቸው ጋር አንሾካሽከው ሄዱ። ጌታ ሆይ ምን አጠፋሁ። ሊያባርሩኝ ነው?

ማክሰኞ፣ ጎህ

በሩ ተንኳኳ። ሼኩ ቆመዋል። ፓስተራችንም አብረው። እህቶችም። በርቺ አሉኝ፣ ማርቆስ አሉ። ከዛ አላውቅም። መሬት ነበርኩ። ማርቆስዬ። ማርቆስዬ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ

ስሚኝ ደብተሬ። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን፣ በምን ሞተ አልኩ። ማንም አያውቅም። ሬሳውስ የት ነው? ማንም! ሁሉም ወደ አ/ሐ ዞረ። ትናንት በእኔ ስልክ ደሳለኝ ደውሎ እሳቸው አንስተው ነበር፣ አብሮት የሚሠራው። እያለቀሰ ማርቆስ ከፎቅ ወደቀ ብሎ ተቋረጠ። በቃ። መልሰው አልደወሉም። ለምን ስላቸው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በእኛ ጊዜ እያለቀሰ የደወለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም» አሉኝ። ስልኬን ከቀሚሳቸው አወጡ። አጥፍተውታል። ስከፍተው የደሳለኝ መልእክት ተንጫጫ። የት ነሽ። የት ነሽ። ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው፣ ቤተሰብ ይፈርም ተብሏል፣ ድረሺ፣ ይጠራሻል።

ይጠራሻል!! የሞተ ይጣራል እንዴ?!

ለቀስተኛው ያልቅስ ይሳቅ ጠፋው። አንዷ እልል ስትል ሌላዋ አፏን ያዘቻት። አ/ሐ ያ ረቢ ብለው ግድግዳ ይዘው ቁጭ። አላነሳኋቸውም። ጫማዬን ፍለጋ ሮጥኩ።

ማክሰኞ፣ 9 ሰዓት፣ ጅማ፣ ሆ/ል

ፈረምኩ፣ ሳላነበው። ትንሽ አየሁት። ፊቱ አብጧል። ለምን ዘገየሽ አለኝ። ምን ልበለው፣ ለቅሶህ ላይ ነበርኩ? ከዛ አስገቡት። ዶክተሩ እግሩን ለማትረፍ እንሞክራለን፣ ትናንት ቢሆን ይሻል ነበር አለ። ትናንት። ሳይፈረምለት ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል።

አ/ሐ በጎረቤት ስልክ ይደውላሉ። አላነሳሁም። ደገሙ። አላነሳም! ከዳውሮ ስመጣ የማን ልጅ ነሽ ሳይሉኝ ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ግን ትናንት አንዴ መልሰው ቢደውሉስ። አንዴ።

ስልኩ አሁንም ይጠራል። ደሳለኝ አንሺላቸው እንጂ፣ እሳቸውንም ልትገድያቸው ነው እንዴ አለኝ። አላፈረም፣ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወሰንኩ። ሐኪሙ ሲወጣ እኔው እደውላለሁ። እግሩ ቢተርፍም ቢቆረጥም በስልክ፣ በአፌ፣ ያኔውኑ ነው የምነግራቸው። ሽማግሌ አልልክም። ጎህም አልጠብቅም። በሩ ተከፈተ፣ ሐኪሙ እየመጣ ነው፣ ቁጥሩን እያወጣሁ ነው።