የታችኛው መደርደሪያ

እሱባለው፣
ልቀሰቅስህ ነበር፣ ተውኩት። ሚኒባሱ ሊሄድብኝ ነው።

የእንቁላል መፈልፈያችን ቺፕ ተቃጥሏል። ሦስቱን የሙቀት ሴንሰሮች ተራ እያስያዘ የሚያናግራቸው እሱ ነበር። ንፋስ መውጫ ከተማ ያሉትን ሞባይል ሠሪዎች ሁሉ ጠየቅኩ፣ አይተውትም አያውቁም። ባሕር ዳር ልፈልግ ሄጃለሁ። እዚያም ከሌለ እንግዲህ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

እስክመለስ አንዱን ሴንሰር ብቻ ሰክተህ አንብብ፣ ከዚያ ነቅለህ ሌላውን ሰካ።
ሦስቱን አንድ ላይ እንዳትሰካቸው። የሁሉም አድራሻ አንድ ስለሆነ ሲጠሩ እኩል ይመልሳሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር የአንዳቸውም አይደለም።
ትናንት "ይኸው ሠራ" ብለህ ለአከራያችን ለእማማ የሻረግ ያሳየሃቸው ቁጥር እሱ ነው።

ደስ ብሏቸው ሲመርቁህ ዝም አልኩ። በጾሙ የሚገዛቸው አጥተው ያጠራቀሙትን እንቁላል ሁሉ ነው የሰጡን። ምን ልበላቸው?

አሁን ስነካው የታችኛው መደርደሪያ ቀዝቅዟል። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ "እንቁላሎቼ እንዴት አደሩልኝ?" ብለው ይጠይቁሃል። ቁጥር አታሳያቸው።
እጃቸውን ይዘህ አስነካቸው።
እኔ አልቻልኩም።

ጓዴ