ልጄ የሰጠችው ዜሮ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ደመና ነው፣ ዝናብ የለም። ጎመኑን ኮተኮትኩ። ልጄ አክሱማዊት ዛሬ ከአርባ ምንጭ ትመለሳለች። ስለ ስልክና ስለ ኤአይ የመምህራን ሥልጠና ነበራት... ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚከለከል ነው፣ እንዴት እንደሚሠራበት ነው፣ አልገባኝም። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፣ አልደረሰችም። መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል። ጎረቤቴ ሰናይት መጥታ «ሸዋዬ፣ ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» አለች። እኛ ቤት መብራት እያለ? ለመጠየቅ አፍሬ ሰጠኋት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ጎሕ ሲቀድ ነገሩኝ። ሰናይት፣ ባሏ፣ የእድሩ ሰዎች። በር ላይ ሲቆሙ አይቼ ወንበር አወጣሁላቸው። መኪናው ከወይጦ ወዲህ ተገልብጧል። ትናንት ከሰዓት። ስልኬን የወሰዱት ማንም ደውሎ እንዳይቀድማቸው ነው። ሌላው ሁሉ ጮኸ። እኔ «ቻርጁ ሞላ?» አልኩ። ለምን እንዲህ አልኩ?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል። የምሰማው ከሩቅ ነው።

ዛሬ ተማሪዎቿ መጡ። አማርኛ የምታስተምራቸው፣ አሥራ አንደኛ ክፍሎች። በድንኳኑ ዳር ተደርድረው ተቀመጡ። አንዱ «ቲቸር ስልካችንን በፌስታል ሰብስባ፣ ፌስታሉን ታቅፋ ነበር የምታስተምረው» አለ። ሌላዋ «ሲጠራ ደግሞ ራሷ ታነሳዋለች። እናቴን አንድ ቀን ልጅሽ ክፍል ናት ብላ ዘጋችባት» አለች። ሳቁ፤ ከዚያ አፈሩ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር መሰለኝ... እርግጠኛ አይደለሁም።

አንዷ ቀጭን ልጅ ብቻ አልሳቀችም። አንዱ ቀስ ብሎ «ኤአይ፣ ውሃ አቀብይኝ» አላት። አቀበለችው። ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርታ ብርጭቆ ሰበሰበች።

«ስምሽ ማነው?»

«ኪያ።»

«ከየት ነሽ?»

«ከአርቦሬ። እዚህ አዳሪ ቤት ነኝ።»

«ለምን ኤአይ ይሉሻል?»

«ምንም አይደለም፣ እማማ። አሁን ጊዜው አይደለም።»

ሰኞ፣ ግንቦት 11

የአክሱማዊትን ስልክ ፖሊስ መለሰልን። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ይሠራል። መክፈቻውን አውቀዋለሁ፤ ስትከፍት ሁልጊዜ አያት ነበር።

የኔን አራት ጥሪ አገኘሁ። ያን ቀን የደወልኩት። ከሱ በታች የኪያ መልእክት ነበር፣ ሚያዝያ 24 የተላከ።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። እባክሽ ደግመሽ እይው።»

ልጄ የመለሰችው፦ «ማሽኑ ራሱ አምኗል። አትድከሚ።»

ሌላ የለም። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ተኛሁ። ተነሳሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

መምህር ባሮክ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ ያለውን በከረጢት አመጣልኝ። አብረው አማርኛ ያስተምራሉ። መነጽር፣ ነጠላ ጫማ፣ የተማሪ ድርሰቶች። ከላይ የኪያ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ፣ ከሥሩ «ያንቺ አይደለም»። የልጄ የእጅ ጽሑፍ... እንዴት ታምራለች ጽሑፏ።

ባሮክን ጠየቅኩት። እየከበደው ነገረኝ። ድርሰቱን በኤአይ አስጽፋችኋል ብላ ለስምንት ልጆች ዜሮ ሰጥታለች። ድርሰታቸውን ስልኳ ላይ ላለው ኤአይ እየሰጠች «አንተ ነህ የጻፍከው?» ትለዋለች። አዎ ካለ፣ ዜሮ። ኪያን ክፍል ፊት አቁማ መልሱን አነበበችላት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ኤአይ ሆነ።

«እውነቱን ይናገራል እንዴ?» አልኩት።

«እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው፣ እትዬ ሸዋአለም። ሌላ ምን አለን?»

እሱ ከሄደ በኋላ ድርሰቱን አነበብኩ። ስለ ጨው ባሕር ዳር ድርቅ ነው። «ውሃ ሲርቅ መጀመሪያ የሚደክመው ከብቱ ሳይሆን ቆጣሪው ነው። አባቴ በየጠዋቱ ይቆጥራል። የጎደለ ቀን ግን ደግሞ አይቆጥርም።» ይላል።

ይህን የአርቦሬ ልጅ ጻፈችው? አማርኛን ትምህርት ቤት ገብታ የለመደች? አልመሰለኝም። ልጄ አልተሳሳተችም አልኩ። ቀለል አለኝ።

ከዚያ ደግሞ... አክሱማዊትም ልክ እንዲህ ብላ ይሆናል የጀመረችው። ከማን ተማረችው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ስልኩን አወጣሁ። ያ ኤአይ የሚሉት የት እንዳለ ሰናይት አሳየችኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው ሸዋዬ? ልጆቹ የቤት ሥራ ነው የሚያሠሩት» አለች። የቤት ሥራ አለብኝ አልኳት።

ኪያ እውነቷን መሆኑን በምን አውቃለሁ? ከኔ በቀር ማንም እንዳልጻፈው የማውቀው ጽሑፍ ያስፈልገኛል። ያለኝ ይሄ ደብተር ብቻ ነው። የሚያዝያ ሠላሳውን ገለበጥኩ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግኩ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ምሳ። ሰናይት ስልኬን ስለመውሰዷ፣ ወንበር ስለማውጣቴ፣ ቻርጁ ሞላ ስለማለቴ።

ከሥሩ ጻፍኩ፦ ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?

ወዲያው መለሰ። «አዎ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፈለጉ ይበልጥ ስሜት የሚነካ ላደርገው እችላለሁ።»

ደግሜ አነበብኩት። አልተናደድኩም።

ልጄን ተቀምጬ አሰብኳት። ይህን መልስ ስምንት ጊዜ አንብባ ስምንት ጊዜ አመነች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከቀብሯ ወዲህ ከቤት ስወጣ መጀመሪያዬ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ወንድይፍራው ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ። ስልኩን አሳየሁት፤ የልጆቹ ዜሮ እንደገና ይታይ አልኩት። አነበበና ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«ወይዘሮ ሸዋአለም፣ ቤተ መጻሕፍቱን በስሟ ልንሰይም ነው። ሰሌዳው ተጽፎ አልቋል። ለአርባዋ ነበር ያሰብነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ በዚያው ሰሞን መምህርቷ ተሳስታለች ብለን ቃለ ጉባኤ እንያዝ? ሰው ምን ይላል? እኔኮ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ኪያ ዜሮው ካልተነሳላት ምን ትሆናለች?»

«ትወድቃለች። አዳሪ ቤት የሚቆየው ደግሞ ያለፈ ነው።»

«ከዚያስ?»

«አርቦሬ ትመለሳለች። ደህና ተማሪ ነበረች፣ ያሳዝናል።»

ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ይያዝ ቃለ ጉባኤው» አልኩ።

«ሰሌዳውን ከዚያ በኋላ መስቀል ይከብደኛል። ይህን ይወቁት።»

«አውቄዋለሁ።»

እናት ሆኜ የልጄን ስም ከግድግዳ አወረድኩ። ገና ሳይሰቀል። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ሊያስለቅሰኝ የሚገባ ነገር ነው... አላለቀስኩም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ስምንቱን ልጆች ባሮክ አስቀመጣቸው። ስልካቸውን ሰበሰበ። አዲስ ርዕስ፣ አንድ ሰዓት፣ በእጅ። እኔም ካልተቀመጥኩ ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባሮክ «እማማ ሸዋአለምም ይጻፉ እንዴ?» አለ። ልጆቹ ትንሽ ሳቁ።

ሦስቱ ነጭ ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። ባዶውን መለሱ። እነሱ ላይ ልጄ አልተሳሳተችም። አራቱ እንደ ነገሩ ጻፉ።

ኪያ ቀና አላለችም። ወረቀቱ ሞልቶባት ጀርባውን ገለበጠች። እሱም ሲሞላባት ሌላ ለመጠየቅ እጇን አወጣች። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ባሮክ ወረቀቱን ራሱ ወንበሯ ድረስ ወሰደላት፤ እሱም ዜሮ የሰጣቸው ልጆች አሉት።

እሑድ፣ ሰኔ 8

አርባዋ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አምስት መምህራን መጡ፣ አቶ ወንድይፍራው አልመጣም። ቤት ተመልሰን ሰው ሲበላ አንዷ ሴትዮ ጆሮዬ አጠገብ «የገዛ ልጇን ያዋረደች» አለች። ሰናይት ሰምታት «ምግብሽ ይቀዘቅዛል፣ ብይ» አለቻት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ኪያ የውጤት ካርዷን ይዛ መጣች። አልፋለች። ለክረምት ወደ አርቦሬ ትሄዳለች፤ በመስከረም አልጋዋ ይጠብቃታል። ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ አየሁት፤ መለስኩላት። እንጀራ አቀረብኩ፤ በላች።

የሞተ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። የቀረ ሰው ነው የሚጠይቅለት። ስለዚህ ተነሳሁ።

«ኪያ፣ ልጄ በድላሻለች። ይቅር በያት።»

እሷም ተነሳች። ተቀመጪ አልተባባልንም፤ ሁለታችንም ቆመን ቀረን።

«ክፍል ፊት አቁማኝ ሳቁብኝ፣ እማማ። ቲቸርን ደግሞ እወዳት ነበር። ድርሰቱን ለሷ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ እንድታየኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እስካሁን አልቻልኩም። አልዋሽሽም። እሞክራለሁ።»

«ሞክሪ» አልኳት።

እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት። ስመለስ በሩን ሳልዘጋ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው። ሰናይት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይህን ደብተር ለራሴ ነው የጻፍኩት። ከኔ በኋላ እጁ የገባ ሰው ግን ካለ፦ ልጄ ቁጡ ነበረች፣ ትጉህ ነበረች፣ አምስት ልጆችን በድላለች። የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ነው። በጸሎታችሁ ስሟን ጥሩልኝ፤ ነፍሷን ይማር በሉልኝ። ኪያ እስክትችል ድረስ፣ እናንተ በሉላት።