በምላጭ የተፋቀው መስመር

ዛሬ ሐሙስ፣ ሰኔ አራት ቀን፣ እኔ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴው፣ ከሱቄ በስተጀርባ ባለው መኝታ ክፍሌ ሆኜ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። እግሮቼና ቀኝ እጄ ከድተውኛል፤ አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። የሚጽፈው ወዳጄ ጠራዡ ነው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋና ሐኪሜ ይሰማሉ። ወንድ ልጄና ታላቅ እህቱ በሩ አጠገብ ቆመዋል።

መኖሪያ ቤቱን ሁለቱ ልጆቼ እኩል ይካፈሉ። አልጋዬን ልብስ ሰፊዋ ትውሰድ፤ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሾርባ ያልነፈገችኝ እሷ ናት። «ጋሼ፣ ሰው በሕይወት እያለ አልጋው ይታደላል?» ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ፤ ይጻፍልኝ።

ሱቁና በመስታወቱ ቁም ሣጥን ያሉት የመጀመሪያ እትሞች ለሴት ልጄ ናቸው። ሱቁን ለወንድሟ ተስፋ ሰጥቼው ነበር። ቃሌን ያጠፍኩት በምክንያት ነው።

አንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም መሆኑን ሳረጋግጥ፣ በጀርባ ሽፋኑ ውስጠኛ ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አደርግ ነበር። ገዢ ያንን ካየ ሌላ አይጠይቅም። እጄ ከታመመ ወዲህ፣ እኔ አይቼ ስፈቅድ፣ ልጄ ያደርግልኝ ጀመር። ባለፈው ወር አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከእኛ የገዙትን መጽሐፍ ይዘው መኝታዬ ድረስ መጡ። ምልክቴ አለበት፤ መጽሐፉን ግን አይቼው አላውቅም። የኅትመቱ ጊዜ የሚጻፍበትን ገጽ ወደ መስኮቱ ብዘረጋው፣ ከግርጌው ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን አሳለፈ። «ሁለተኛ እትም» የሚለው መስመር በምላጭ ተፍቋል። በመጀመሪያው እትም ተገልብጦ የታተመው ሥዕልም በዚህኛው ተቃንቷል። እሱን ምላጭ አይገለብጠውም።

ልጄን ጠራሁት።

«አባባ፣ ታሪኩ ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ማን ተጎዳ?» አለኝ።

«ያው ከሆነ ምን አስፋቀህ?»

መጽሐፉን ዘጋው። ሌሎችም እንዳሉ ስጠይቀው «አላስታውስም» አለኝ። የገደለኝ ይህ መልስ ነው፤ ሐኪሙ ሌላ ስም ቢሰጠውም።

አንቺ ልጄ፣ ከእኛ የገዛውን መጽሐፍ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ገንዘቡን መልሺለት፤ አትከራከሪ። ያሉት ተሸጠው ቁም ሣጥኑ ባዶ ቢቀርም ይቅር። በቀሩት መጻሕፍት ላይ ያለውን ምልክቴን በላጲስ አጥፊው። ከእንግዲህ የሚገዛ ሰው ራሱ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ይይ።

ለወንድ ልጄ፣ የመምህርቷን ገንዘብ መልሼ ያስቀረሁትን የተፋቀ መጽሐፍ አውርሼዋለሁ። እንዳይሸጠው፣ እንዳይጥለው። እትም መለየትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዓይኑ ከእኔ ይበልጣል፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሥራ ካጣ ጠራዡ ይቅጠረው፤ ምላጭ ግን አያስይዘው።

አሁን ጠራዡ «ፈርም» ብሎ ብዕር ዘርግቶልኛል። አልፈርምም። ፊርማዬን ዛሬ ከእኔ ይልቅ ልጄ አሳምሮ ይፈርመዋል። የግራ አውራ ጣቴን አሻራ አኖራለሁ፤ ጣቴን ቀለሙ ላይ የሚያደርስልኝ ሰው ግን ያስፈልገኛል።

ልጄ «እኔ ልያዝዎት፣ አባባ» ብሏል።

እህቱ ትያዘኝ።

የተናዛዡ የግራ አውራ ጣት አሻራ

ሲናገር ሰምተን፣ ጣቱን ሲያኖር አይተን ፈረምን፦ ጠራዡ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሐኪሙ።