የኛቲቲያችን ድረ ገጽ

ኪሱሙ፣ ሐሙስ ጠዋት

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የሞምባሳ ሙቀት ጉልበትሽን አሻለው ወይስ አባሰበት? አክስቴስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን፤ ግን ከአባባ ጋር ተኳርፋችሁ ከሄድሽ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ቤቱም ጭር ብሏል። እሱ ጤነኛ ነው። መቆጣቱን አልተወም፣ ስምሽንም አንስቶ አያውቅም።

እማዬ፣ ከደስታ ብዛት እየተቻኮልኩ ስለሆነ ጽሕፈቴን ቻይው። አባባ ለሚሠራቸው ኛቲቲዎች ያሰብኩት ድረ ገጽ አለቀ! ሁለት ወር ሙሉ ብቻዬን ነደፍኩት። ለማያውቁት ሰዎችም «ኛቲቲ ማለት ክራር የሚመስል፣ ስምንት ክር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። መጀመሪያ ገጹን እንደ ሐይቃችን ይሁን ብዬ ሰማያዊ ባደርገው አባባ አየና፣ «ሐይቃችን ደግሞ መቼ ሰማያዊ ሆኖ ያውቃል? የማንን አገር ነው የምታሳዪው አንቺ?» አለኝ። ቡናማ አደረግኩት። እውነቱን ነው፣ አማረበት።

መከራዬ ድምፁ ነበር። ገጹ ሲከፈት ኛቲቲ መሰማት አለበት፤ አባባም «ድምፁ ካላማረ ስሜን እዚያ ላይ እንዳላይ» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ታዲያ አባባ ገና መጫወት ሲጀምር ጎረቤታችን ኦዌጋ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ከች ይላል። «አቁመው! እኔ ኦዌጋ፣ ብረት የሚንቀጠቀጥልኝ፣ የአሌጎ አገር ቆንጆዎች አማች!» ሰሚው ተጫዋቹን አስቁሞ ራሱን ማወደሱ ወግ ነውና፣ አባባም ዜማውን አቁሞ ፉከራውን ይሰማል። እሱ ሲጨርስ ሌላው ይነሳል። ስድስት ጊዜ ቀዳሁ፣ ስድስቱም ፉከራ ብቻ ሆነ።

አሁን ይቅር በይኝ። አባባ ለኛቲቲ የሚሆን ቆዳ ልገዛ ብሎ በሄደበት ቀን ስትጫወቺ በስልኬ የቀዳሁትን ታስታውሻለሽ? «ሴት ኛቲቲ ነካች ተብሎ ጉድ እንዳይፈላ፣ አጥፊው» ብለሽ አስምለሽኝ ነበር። አላጠፋሁትም። ገጹ ላይ ያስገባሁት እሱን ነው።

ትናንት አባባን ኮምፒውተሩ ፊት አስቀምጬ ከፈትኩለት፤ ኦዌጋም እንደ ልማዱ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጧል። ፈርቼ ልሞት ነበር። ዜማሽ ገና ሲጀምር ኦዌጋ ብድግ ብሎ «አቁሚው! እኔ ኦዌጋ...» ሲል፣ አባባ እጁን አነሳና «ዝም በል አንተ ሰውዬ! ይቺ አትቆምም» አለው። አባባ ፉከራ ሲከለክል በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ኦዌጋም ተመልሶ ተቀመጠ።

እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ «ከሥሩ የተጫዋቿን ስም ጻፊ» አለኝ።

«የማንን?» አልኩ፣ እንዳላወቀ ሆኜ።

«ቆዳ ልገዛ ሄድኩ እያልኩ፣ ከአጥሩ ኋላ ቆሜ ስንቴ የሰማኋትን» አለና ፊቱን ሳያሳየኝ ወጣ።

እማዬ፣ ገጹ ቅዳሜ ለሰው ሁሉ ይከፈታል። ያለ ፈቃድሽ ግን ስምሽን አልጽፍም። እባክሽ እሺ በይኝ፣ ቶሎ ደውይልኝ።

ደግሞ ዛሬ ጠዋት ኦዌጋ አባባ ያዘዘውን ቀለበት ሠርቶ አመጣ፤ ያንን በእግር አውራ ጣት አጥልቃችሁ ስትጫወቱ እንጨቱን የምትመቱበትን። ሞከርኩት። የእኔ እግር እንደ አባባ ትልቅ ነውና ጠቦኝ አልገባ አለኝ፤ የሚበቃው እንደ አንቺ ላለ ትንሽ እግር ነው። አባባን «ለማን ነው?» ብለው፣ «ለገጹ ፎቶ ነው፣ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። እስካሁን ግን ፎቶ አንሺው አላለኝም። በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከቶታል።

እግዜር ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ፣ መንገድሽንም ሁሉ ያቅናልሽ።

ምርቃትሽን የምትጠብቀው፣
ትንሿ ልጅሽ