የልጃችን ድምፅ ሲጎረንን

የኢብሬ አባት፣ ሰይዶዬ፣ አላህ ቀብርህን ያብራልህ። ከተለየኸን ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። እስካሁን ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር፤ ዛሬ እጄ እሺ አለኝና ተቀመጥኩ።

ስለ ልጅህ ልንገርህ። ጀናዛህ ሲወጣ ቀሚሴን ይዞ ያለቀሰው ልጅ ዛሬ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ድምፁ አንዴ ይጎረንናል፣ አንዴ እንደ ጫጩት ይሰልላል፤ እንዳልስቅ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ባንተ ምላጭ የሌለ ጢም ይላጫል። የሁለት ሰው ራት በልቶ ራበኝ ይላል፤ ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው በሩን ይዘጋብኛል። ይሄ ሁሉ የእድሜው ነው፣ የማን ልጅ ያላደረገውን አደረገ እያልኩ ቻልኩት።

ንዴቱን ግን ሰው ነው ያነደደው። አሊ በዓሣ መረብ ጠብ ጭንቅላትህን በመቅዘፊያ እንደፈለጠው፣ ለዚያም እስር ቤት እንዳለ አገር ያውቃል። ወንድምህ መሐመድ ግን የልጁ ትከሻ መስፋቱን ባየ ቁጥር፣ እሱ እየሰማ፣ «የአባቱ ደም እንዲሁ ፈሶ ይቅር?» ይለኛል። በሐይቅ ገበያም «አንተ፣ ወንድ ሆንክ እኮ!» የሚለው በዛ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ልጁም ገብቶታል፣ እኔም ገብቶኛል።

ቤታችን የጠብ ቤት ሆነ። በሩን በርግጫ ገነጠለው። የጣቶቹ ቆዳ እስኪላጥ ግድግዳውን በቡጢ ደበደበ። ልይዘው ብሄድ ገፈተረኝና ግንባሬ ከመደቡ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ተፈነከተ። ደሜን አይቶ ደነገጠ፤ ግን ጥሎኝ ወጥቶ ሄደ። ሰይዶ፣ ያን ቀን ከማህፀኔ የወጣውን ልጅ ፈራሁት።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ዘሀራ እየጮኸች መጣች። ኢብሬ የአሊን ልጅ ጀማልን ሐይቁ ዳር አግኝቶታል። ጀማል እኩያው ነው፤ ዋና አብረው ነበር የተማሩት፣ አስተማሪያቸውም አንተ ነበርክ። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ ጀማል ጭቃው ላይ ተዘርሯል፤ ኢብሬ በዱላ ጀርባውን፣ ፊቱን፣ ያገኘውን ይለዋል። ክንዱ ቀጭ ብሎ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ጥርሱ በደም ቀልቷል። ልጅህ ዱላውን ጣለና ድንጋይ አነሳ፣ በሁለት እጁ፣ ከራሱ በላይ። 

ጀማል «እማ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ጎርንኖ ጀመረና መሃል ላይ እንደ ሕፃን ሰለለ፣ ልክ እንደ ኢብሬ። ልጅህ ያንን ሲሰማ ክንዶቹ ዛሉ። ድንጋዩን ወደ ጎን ወረወረውና ተንበረከከ። ጀማልን አዝሎ እስከ ባጃጁ ያደረሰውም ራሱ ነው።

አስታራቂዎቹ አበጋሮች ነገሩ ሳይብስ ደሙ ይድረቅ ብለው ሁለቱን ቤት ሰበሰቡ። ጀማል ክንዱ በጄሶ ታስሮ ከእናቱ ጎን ቆመ። ደንቡን ታውቃለህ፤ የሟች ልጅ ከጎረመሰ ይቅርታውን የሚሰጠው እሱ ነው፣ ሚስት ከጓዳ ትሰማለች። ትልቁ አበጋር፣ «በል ልጄ፣ ለአላህ ብለህ አፉ በላቸው» አሉት። መሐመድ ዓይኑን አፍጥጦበታል። ኢብሬ ተነሳና፣ «እናቴ ሳትጠየቅ አልልም» አለ። ሽማግሌው ሁሉ አጉረመረመ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ሰምቶ ያውቃል! እሱ ግን ወደ ጓዳው መጥቶ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ እያየ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መጀመሪያ እኔን አፉ በይኝ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሳይሰልል አንድ ነገር ተናግሮ ጨረሰ።

ወጥቼ ቆምኩ። ለልጄ አፉ አልኩ። ለጀማልና ለእናቱ አልኩ፤ ስለተሰበረው ክንድም እኛ አፉ በሉን ብለን ለመንናቸው። ለአሊ ግን አላልኩም። የእሱ ነገር በእኔና በጌታዬ መካከል ነው አልኳቸው። ትልቁ አበጋርም «በልጆቹ መካከል ደም የለም፣ ይበቃል» ብለው ዱዓ አደረጉ። መሐመድ ሳይሰናበተን ሄደ።

ተቆጥተህብን ይሆናል። ተቆጣ። እኔም ለአንድ መረብ ብለህ ጥለኸኝ ስለሄድክ ስንት ጊዜ ተቆጥቼብሃለሁ።

ኢብሬ አሁንም በር ያላትማል፣ አሁንም ያኮርፋል፤ ከእንግዲህ ግን አልፈራውም። ሰዉ ሲያነሳህ እስከ ዛሬ «አሊ የገደለው ሰይድ» ነው የሚልህ። እኔ ቃሌ ይኸው፤ ስምህን ከገዳይህ ስም ለይቼ፣ እስክሞት ድረስ ብቻውን እጠራዋለሁ። ሰው ሳይገድል አባቱን የሚያስታውስ ልጅ አለህ፣ ሰይዶ።

ሚስትህ ዘይነብ